ከበሩ ሥር ያለው ሳንዱቅ

ዩሩብ የአልጋውን አንድ ጫፍ በትከሻዋ ደግፋ፣ በቀረው እጇ አሸዋ የሞላውን ጣሳ ከእግሩ ሥር ለመግፋት ትታገላለች። ጀርባዋ ተንቋቋ። ጣሳው ግን ንቅንቅም አላለ። ከደቻቱ ወንዝ የታፈሰ አሸዋ እንዲህ ይከብዳል ብላ መች አሰበች።

«ተይው ሆዮ፣ ወገብሽን ትሰብሪዋለሽ» አለቻት ልጇ ቱሪያ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እናቷን በሶማሊኛ ነው የምትጠራት።

ዩሩብ ግን መግፋቷን ቀጠለች። ደክሟታል። የዛሬ ድካም ብቻ አይደለም፤ ያ ሳንዱቅ ቤቷ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ የሚሉት ነገር በዓይኗ አልዞረም።

ሳንዱቁ ቱሪያ የተዳረችበት ነው፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ በቆርቆሮ የተለበጠ። ከጅግጅጋ በጭነት መኪና መጥቶ ኩሊዎቹ ከበሩ ሥር ዱብ ሲያደርጉት፣ የዩሩብ ባል በሺር፣ እዚያው ይቀመጥ አለ። በእነሱ ሰፈር ነገሩ የሚታየው እንዲህ ነው፦ ከባሏ ተኳርፋ የመጣች ሴት ዕቃዋ ከበር እስካልራቀ ድረስ እንግዳ ናት፤ ሽማግሌ ይመጣል፣ ይታረቃሉ፣ ትመለሳለች። ዕቃዋ ወደ ውስጥ ገብቶ ቦታ ከያዘ ግን ቤተሰቡ ልጁን መልሶ ወሰደ ማለት ነው፤ ለእርቅ የሚመጣም የለ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለነገ፣ ለጁምዓ ቀጥረዋል። በሺር ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የልጁ ትዳር እንዳይፈርስ ነው የሚለፋው። ዕድሜውን በምድር ባቡር ብረት ሲያቃና የኖረ ሰው፣ ነገር ሁሉ ከሐዲዱ ሲወጣ ያስፈራዋል።

ዩሩብም መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተስማምታ ነበር። እውነት ለመናገር፣ የት ታስገባዋለች? ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አንዱን ጥግ የማሽላው ጆንያ ይዞታል፤ ሌላውን የውሃው በርሜል። ሳህኑና ጎድጓዳው በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ተሰቅሎ ጣሪያ ደርሷል። ከአቡጄዲው ኮርኒስ በላይ ያለው የአይጥ አገር ነው። ደጅ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር እንዳታወጣው፣ ፊናንስ ፖሊስ ድንገት ሲያልፍ አይቶ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ነው ቢልስ? አልጋው ሥርማ ጫማ እንኳን በግድ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሳንዱቁ በሩን እስከ ግማሽ ድረስ ዘግቶ ተቀመጠ፤ የሚገባውም የሚወጣውም በጎኑ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ግን ቱሪያ ልብስ ስታሰጣ አየቻት። በአንድ እጇ ነው የምታሰጣው። ሌላው እጇ ከሻሿ ሥር አይወጣም። ዩሩብ ሄዳ ሻሹን ገለጠችው። ክንዷ ከክርኗ በታች አብጦ፣ ያለቦታው ጠምዘዝ ብሎ ገጥሟል።

«ወድቄ ነው» አለች ቱሪያ። ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ «አልወደቅሁም» አለች።

ዩሩብ ባዶ የዘይት ጣሳዎቿን ሰብስባ ወደ ደቻቱ ወረደች።

እነሆ አሁን ሁለቱ ከአልጋው ጋር ግብግብ ይዘዋል። ቱሪያ በደህና እጇና በትከሻዋ፣ እናትየው በጉልበቷ። ሦስቱ እግሮች ጣሳ ላይ ወጡ። ለአራተኛው ጣሳ ስለጠፋ ድንጋይ ደራረቡለት። ከዚያ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሳንዱቁን በእግራቸው ገፉት፤ እየተንሿጠጠ ሄዶ ከአልጋው ሥር ገባ። ልክ ሆነ። በበሩ ሥር አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ ቀረ።

የምድር ባቡሩ ፊሽካ ለምሳ ጮኸ። በሺር መጣ። እንደለመደው በጎኑ ዞሮ ገባና ቆመ። ሳንዱቁ የነበረበትን አየ፤ ከዚያ አልጋውን አየ። ልቡ ሲጨነቅ መቀለድ አመሉ ነው።

«አቦ፣ መሰላሉስ የታል?» አለ።

ማንም አልሳቀለትም። እንደምንም አልጋው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እግሮቹ መሬት አልደረሱም። ሽበታሙ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ነገ ሽማግሌ እንደሚመጣ ረስተሽው ነው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ይኼን ሲያዩ ምን ልበላቸው?»

«አልጋው ከብዶን ነበር» አለች ዩሩብ፣ በደከመ ድምጿ። «እሷ በአንድ እጇ ነው ያነሳችው። ለምን በአንድ እጇ ብለህ ጠይቃት።»

በሺር አልጠየቀም። ቱሪያ በርሜሉ አጠገብ ቆማለች፤ ሻሿ ከክንዷ ላይ ተንሸራቷል፣ አልሰበሰበችውም። በሺር የጎበጠ ነገር ማየት ያውቅበታል። የትኛው መጉበጥ ከመውደቅ፣ የትኛው ከመመታት እንደሆነ ይለያል። ክንዷን ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው። ምሳውም ቀረበለት፤ አልነካውም።

በመጨረሻ መረገጫ እንደሚፈልግ ሰው በእግሩ እየዳበሰ ወረደ። አልጋው ተወዛወዘ።

«ይኼኛው እግር አልቆመም» አለ።

ተንበረከከ። ድንጋዮቹን ነካካ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያለእሱ ወጥቶ የማያውቀውን የምድር ባቡር ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀ፤ አጥፎ አጥፎ ከድንጋዩና ከአልጋው የብረት እግር መካከል ሸጎጠው። በእጁ ገፋ አደረገው። አልጋው አልተነቃነቀም።

«ሲመጡ ግቡ በያቸው» አለ፣ ሳይነሳ። «ይዩት።»

ወደ ሥራው ሲመለስ ዩሩብ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችለት። እሱ ግን ረስቶት፣ እንደ ሰሞኑ ሁሉ በጎኑ ዞሮ፣ ራሱን ገልጦ ወደ ድሬ ፀሐይ ወጣ።