ሳንቲሙ ላይ ያለችው ሴት

አዲሱ የነሐስ ሳንቲም በፓሮስ ደሴት ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ሚርታሌ በሄደችበት ሁሉ ሰው አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሳንቲሙን የቀረጸው ባሏ ሶሶስ ነው፤ ባንድ ወገን የእህል አምላኳ የዴሜትር ፊት፣ በሌላው የደሴቲቱ ምልክት የሆነው ፍየል።

ዓሣ ሻጩ ፊሎን ሳንቲሙን ተቀብሎ ገልበጥ አደረገው። ከዚያ እሷን አያት። ከንፈሩን ነከሰ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ ሚርታሌ። የባልሽ እጅ ይባረክ። ቁርጥ እሷን ነው ያወጣት።»

ሚርታሌ ዓሣዋን እዚያው ረስታ ሄደች።

ቁርጥ ማንን? ሳንቲሙ ላይ ያለችው ሴት አፍንጫዋ ሰልካካ፣ አንገቷ መለሎ ነው። ያ ሰውዬ ክረምቱን ሙሉ እራት ላይ ሰም ይዞ ሲሞነጭር፣ እሷ ጎመኗን ስታላምጥ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያያት፣ ለካ ልቡ ሌላ ዘንድ ነበር።

በቀጥታ ዳቦ ጋጋሪዋ ናኒዮን ዘንድ ሄደች።

«ዞር በይ እስቲ፣ በጎን።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ዝም በይ።» ሳንቲሙን ጉንጯ ላይ አስጠግታ አስተያየች። አገጩ አልገጠመም።

ናኒዮን ሳንቲሙን ነጥቃ አገላብጣ አየችና ሊጡ ላይ እስክትደፋ ሳቀች። ሚርታሌ «ይህ የጥፋተኛ ሳቅ ነው» አለች በልቧ።

ቤቷ ገብታ ልብሷን ትቋጥር ጀመር። ሶሶስ ከነመሮው በሩ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«አባቴ ቤት። መጀመሪያ ግን ንገረኝ፤ ማን ናት?»

«ማን?»

«ሳንቲሙ ላይ ያለችው! አገር ሁሉ የሚስቅብኝ በማን ሰበብ ነው?»

ሶሶስ ግንባሩን ጠረገ። «በዜውስ እምላለሁ፣ ሌላ ሴት አላውቅም።»

«እሺ፣ ማንን እያየህ ቀረጽክ?»

ሶሶስ መሮውን አገላበጠ። «አንቺን» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳንቲሙ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ሚርታሌ ቋጠሮውን አስቀመጠችው። ሳንቲሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። አንገቷን ዳበስ አደረገች፤ አፍንጫዋንም። ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች።

«እኔ እንዲህ ቆንጆ ነኝ እንዴ?»

«በዴሜትር በኩል ነሽ መች አልኩ» አለ ሶሶስ፣ ወደ ውጭ እያፈገፈገ።