ጥርሴ ከተቃና በኋላ

ሽማግሌ ልኬ ስንዱን ባስጠየቅሁ ጊዜ፣ አባቷ ጋሽ ወንድአፍራሽ የመለሱኝ በጥርሴ ምክንያት ነው። «ለዚያ ገጣጣ ሰጥቼ የልጅ ልጆቼን አፍ ላበላሽ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው፤ እሱንም አልረሳሁትም። ስንዱን ጥርሱ ለተደረደረ ሰው ዳሯት። እኔ ሳላገባ ቀረሁ። ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ለመደብኝ።

ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው ጥርስ ላይ ተጠልቃ የምታቃናውን፣ የማትታየውን ፕላስቲክ ያስደረግሁት። ስበላ አወልቃታለሁ፤ አጥቤ እመልሳታለሁ። ጥርሴ ተቃና።

ትናንት ለመጨረሻው ቀጠሮ ክሊኒክ ስገባ ጋሽ ወንድአፍራሽ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንዲት ልጅ አፏን በእጇ ሸፍናለች። እኔን አላወቁኝም።

«ልጄ፣ ይሄ ፕላስቲክ የሚሉት ለልጅም ይሆናል?» አሉኝ። «የልጄ የስንዱ ልጅ ናት። አባቷ ጥርሰ መልካም ነው፤ እሷ እንዲህ ሆነችብን። ገጣጣ ይሉኛል ብላ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች።»

«ይሆናል» ብዬ አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ትኩር ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ! ምነው ያኔ እንዳንተ ያለ ሰው ሽማግሌ በላከብኝ ኖሮ።»