ፀጉር የምታህል ስንጥቅ

ተሳቢውን ከካሚዮኗ ጋር ያያያዘው መንጠቆ የጮኸው ዳገቱን አጋምሰው ሳለ ነው። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ጉልበት ላይ የተሰበረ ደረቅ እንጨት ይመስላል። ከኢስሃቅ በቀር የሰማው የለም።

ኢስሃቅ ታኮውን በትከሻው ተሸክሞ ከተሳቢው ጎን ይራመዳል። ጎማ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚደገፍበት የወይራ ጉማጅ ነው። ከፊት የእሜቴ አይናዲስ አሮጌ ካሚዮን እያቃሰተች ትወጣለች፤ ከኋላዋ ተሳቢው ላይ ሃያ ኩንታል የሚመዝን የወፍጮ ሞተር ከነድንጋዩ ታስሯል። ከታች እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ የቅዳሜ ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል።

ካሚዮኗን ለዚህ ቀን ያሰናዳት እሱ ነው። ከጅቡቲ ተገዝታ ስትመጣ አምስት ኩንታል ሲጫንባት ወገቧ ይጎብጥ ነበር። ጭነት በሚሸከመው ባሌስትራዋ ላይ ሦስት ሦስት ብረት ደረበ፤ ከኋላዋ አግድም የሐዲድ ብረት አሰረ፤ መሀሉ ላይ ራሱ የቀጠቀጠውን መንጠቆ ተከለ። «ማጭድ ቀጥቃጭ ከመቼ ወዲህ ነው መኪና የሚነካው?» ብለው የሳቁበት ነበሩ። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት፣ የጋለውን መንጠቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣ አንገቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ባየ ጊዜ፣ ለማንም አልተናገረም። በሞረድ አለሰለሳት፤ ግራሶ ቀባባት። ሾፌሩ እሸቴ «ለክፉም ለደጉም ሰንሰለት እንጨምርበት» ቢለው፣ «ሥራዬን ናቅኸው?» ብሎ ተቆጣ።

አሁን እሸቴ መሪውን ይዞ ከካሚዮኗ ጩኸት በላይ እየዘፈነ ነው።

እሜቴ አይናዲስ ደግሞ ከተሳቢው በስተኋላ፣ ሦስት እርምጃ ርቀው ይከተላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ «ሴት ደግሞ ወፍጮ ልታቆም!» ሲባሉ ከርመው፣ ዛሬ ሠርግ የሚሸኙ መስለዋል።

«እሜቴ፣ ወደ ጎን ይውጡ» አላቸው።

«ለምን?»

«ጭቃ ይረጭብዎታል።»

«ይርጨኝ! የራሴ ወፍጮ ጭቃ አይደል?» ብለው ሳቁ።

መንጠቆው ሁለተኛ ጮኸ። ኢስሃቅ ፈጠን ብሎ ወደ ፊት ሄዶ አየው። ስንጥቋ አፏን ከፍታለች፤ ጥፍር ታስገባለች። ወደ እሜቴ ተመለሰ።

«እሜቴ፣ መንጠቆው ሊበጠስ ነው። ተሰንጥቆ ነበር። አውቅ ነበር።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ዞረው ከኋላቸው ያለውን ሕዝብ አዩ።

«እሸቴን አስቁመው!»

«ካቆመ፣ ሲነቃነቅ ይበጠሳል። ፍሬኑም ይህን ሁሉ አይዝም። እየሄደ ነው የሚሻለው።»

ሌላ ቃል አልጠየቁትም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው መንጭቀው እያውለበለቡ ቁልቁል ሮጡ። «ልቀቁ! መንገዱን ልቀቁ! ልጆቻችሁን አንሡ!» እኒያ ድምፃቸው ከአጥራቸው ወጥቶ የማያውቀው ሴት ገበያውን በጩኸት ከፈሉት።

ኢስሃቅ ታኮውን አውርዶ ከተሳቢው የኋላ ጎማ ሥር አስጠጋው። ጎማው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እሱም ጎንበስ ብሎ እየገፋ ይከተላል። ጎማው ከፊቱ አንድ ስንዝር አይርቅም። ጎኑ ላይ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቅያስ ተከፍቷል፤ አራት እርምጃ ነው። ታኮውን ጥሎ ቢገባበት ማንም አያገኘውም። ይህን አሰበ፤ ማሰቡንም አወቀ። እጁ ግን አለቀቀም። ጀግንነት ሆኖ አይደለም፤ ፍርሃቱ ጣቶቹን እንጨቱ ላይ ቆልፏቸው ነው። «ያ ረቢ፣ እስከ ላይ ብቻ» ይላል፤ ሌላ ዱዓ አልመጣለትም።

ሜዳው ላይ ለመውጣት አሥር እርምጃ ሲቀር መንጠቆው ተበጠሰ።

ካሚዮኗ እንደተፈታ ወይፈን ወደ ፊት ዘለለች። ተሳቢው ለአፍታ ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መጣ። ጎማው ታኮው ላይ ተጫነ። ወይራው ሲጥ አለ፤ ኮረኮንቹን እየጫረ አንድ ስንዝር ተንሸራተተ። ኢስሃቅ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛ ስንዝር። ከዚያ ቆመ።

ዓይኑን ሲገልጥ ሁለት ተሸካሚዎች የወዲያኛውን ጎማ በድንጋይ እየደገፉ ነበር። ያመጧቸው እሜቴ አይናዲስ ናቸው፤ ጫማቸው ጠፍቶ፣ ነጠላቸው ጭቃ ለብሶ፣ ደረታቸውን ይዘው ይተነፍሳሉ።

እሸቴ ከላይ እየሮጠ ወረደ። «ምንድን ነው? ምን ሆነ?»

እሜቴ አይናዲስ መልሱን ያውቁታል። ኢስሃቅን ብቻ ተመለከቱት።

«ተሰንጥቆ ነበር» አለ ኢስሃቅ። «ሐሙስ ነው ያየሁት። ደበቅሁህ።»

እሸቴ እጁን አነሣ። ኢስሃቅ ሊመታው ነው ብሎ ጠበቀ፤ ፊቱን ግን አላዞረም። የእሸቴ እጅ ወደ ገዛ አፉ ሄደ።

«እኔ እኮ» አለ እሸቴ፣ «እዘፍን ነበር።»

ገበያተኛው አንድ በአንድ ይመለስ ጀመር። አንዲት ጌሾ ሻጭ ከተሳቢው ቁልቁል፣ ልክ መንገዱ መሀል፣ ቁናዋን አስቀምጣ ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደች።

«እህቴ፣ እዚያ አትቀመጪ» አላት ኢስሃቅ።

«ቆሟል አይደል?»

ኢስሃቅ ወርዶ በጎማውና በሕፃኑ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠ።