የኮሮናው ቅጂ

«አንድ ሰው እያበላሸብን ነው!» አለች አንዷ ድምፃዊት፤ የኖታ ወረቀቷን ወንበሩ ላይ ወርውራ።

የኮሌጁ የጃዝ ድምፃውያን ቡድን ወደ አዳራሹ ከተመለሰ ወዲህ ልምምዱ ሁሉ ጭቅጭቅ ሆኗል። በኮሮና ጊዜ ሁሉም በየቤታቸው ሆነው፣ በስልክ ቀድተው የላኩትን መምህሩ በኮምፒውተር ሲያዋህደው፣ ያ በጃዝ የተቀናበረ የሠርግ ዘፈን ማር ሆኖ ነበር። አሁን ያው ዘፈን፣ በእነዚያው ልጆች፣ ለጆሮ ይቀፋል።

«ምንተስኖት ነው! ከጎኔ ቆሞ ከቅኝት እየወጣ እኔንም ሊያስወጣኝ ነው!»

ምንተስኖት አቀረቀረ።

«በቃ ተይው፤ ከመጀመሪያው እንነሳ» አለ መምህሩ።

«አልተውም! ቲቸር፣ የኮሮናውን ቅጂ ይክፈቱልን። የእያንዳንዳችን ድምፅ ለየብቻው አለ አይደል? አጥፊው ይለይ!»

«ይቅርብሽ።»

«ለምን ይቀርብኛል? ለእሱ እያዳሉ ነው?»

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሰና ላፕቶፑን ከፍቶ ዘፈኑን አጫወተው። አንዲት የተዛነፈች ድምፅ የለችበትም።

«ይኸው! እንዲህ ነበርን!» ብላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከየስማቸው ጎን የየድምፃቸው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል። የሁሉም አረንጓዴ ነው፤ የእሷ ብቻ ግራጫ።

«የእኔ ለምን ጠፋ?»

መምህሩ ላፕቶፑን ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

«ያብሩት እንጂ!»

አበራው።

ዘፈኑ ቁርጥ የዛሬውን ሆነ።