የመጀመሪያው የጥርስ ክር ትምህርት

ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አባወራው ቤቱን ገዳም አድርጎታል። የአምስት ዓመቷ ልጁ ትርሲት ወተት ስትጠይቅ “በጾም? ነውር ነው!” ይላታል። ሚስቱ ሻይዋ ላይ ወተት ጠብ ካደረገች፣ ለንስሐ አባታችን እነግርብሻለሁ እያለ ያስፈራራታል።

አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ምሳ በልቶ ሲመለስ፣ ሚስቱ ትርሲትን ጥርስ በክር ማጽዳት ልታስተምራት ስትታገል ደረሰ። ልጅቷ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታለች።

“መጀመሪያ አባዬን!” አለች።

“ምን ችግር አለው? ነይ የእኔ እናት” ብሎ ሶፋው ላይ ተዘረጋና አፉን ከፈተላት።

እናትየዋ የልጇን ጣቶች ይዛ ክሩን በመንጋጋዎቹ መሃል አስገባች። “ቀስ ብለሽ ሳቢ... ጎበዝ!”

ትርሲት ክሩን አወጣችና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

“እማዬ፣ ሥጋ!”

አባትየው ተፈናጥሮ ተቀመጠ። “እንጉዳይ ነው! የጾም ጥብስ በልተን ነው።”

ሚስቱ ክሩ ላይ የተጣበቀውን ነገር በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችና ክሩን ለልጇ መለሰችላት።

“በይ፣ በዚያ በኩል ያለውንም አጽጂለት፤ የአባትሽ እንጉዳይ አጥንት አለው።”