ከሊል ጀልባ ሲመርጥ

ከሊል ጆበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። በመሸጥ የሚስተካከለው የለም፤ ሲገዛ ግን ያላታለለው ሰው የለም። ባለፈው ዓመት የገዛት ፒካፕ ኦሬንጅ ፋርም ሳትደርስ ሞተሯ ነደደ። ከዚያ በፊት የገዛው ጄኔሬተር ካርቶኑ ሲከፈት ማራገቢያ ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሙ «በሳምንት አንድ ቀን ከሱቅ ራቅ፤ ልብህ ዕረፍት ይፈልጋል» አለው። ከሊልም ቫል ግድብ ላይ የሚያርፍበት ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ለመግዛት ተነሣ። ሚስቱ ራዚያ አልከለከለችውም። አንድ ነገር ብቻ ነገረችው።

«ግዛ። ግን አሁንም ተታልለህ ከመጣህ፣ ከዚያ ወዲያ ለዚህ ቤት የሚገዛው ሁሉ በእኔ በኩል ነው። ካልሲህም ጭምር።»

ራዚያ ያለችውን ታደርጋለች። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ካልሲ እየተመረጠለት መኖር ለከሊል ከሞት አይሻልም።

እሑድ ጠዋት ከደላላው ከሽጉጤ ጋር ወደ ግድቡ ወረዱ። ሽጉጤ ጆበርግ ላለ ሐበሻ ሁሉ ሱቅ፣ መኪናና ቤት ፈልጎ የሚያገኝ፣ ቀጭን፣ ምላሰ ፈጣን ሰው ነው። ትልቁን ጀልባ ያገኘው እሱ ነው። የትንሿን ማስታወቂያ ግን ከሊል ራሱ ኢንተርኔት ላይ አይቶ «እሷንም ሳላይ አልገዛም» አለ። ሽጉጤ ደስ አላለውም። ከሊል ይህን ልብ አለ።

ጀልባ ማቆሚያው በር ላይ ከሊል «ሳውቦና ባባ» ብሎ ጥበቃውን ሰላም አለና የሁለቱንም ጀልባ ቁልፍ ተቀበለ። የጥበቃው ውሻ ሽጉጤን ሲያይ ጭራውን እየቆላ እግሩ ሥር ተንከባለለ።

«ከውሻውም ጋር ትተዋወቃላችሁ?» አለ ከሊል።

«ደላላ የማያውቀው ማን አለ፣ ጋሼ?»

መጀመሪያ ትልቁን አዩ። አሥር ሜትር ይረዝማል፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት አለው። «ቤተ መንግሥት ነው!» አለ ሽጉጤ። ሳሎኑን ላሳይ ብሎ የከፈተው በር የሽንት ቤቱ ሆነ። መብራቱን ላብራ ብሎ ጥሩምባውን ነካ፤ ከሊል ደንግጦ ደረቱን ያዘ። ደግሞም ሸራውን ለመስቀል ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የግድቡ ውሃ ሲቀንስም ከሥሩ ያለው ብረት መሬት ስለሚነካ ወደ ዳር አይጠጋም። ይህን ሁሉ ከሊል ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ተምሮታል።

ትንሿ ሰባት ሜትር ተኩል ናት። ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ጠባብ ቁም ሣጥን አላት። ሸራዋን አንድ ሰው ይሰቅለዋል፤ የሥሯም ብረት ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ዳር ድረስ ትጠጋለች። ባለቤቷ ደርባን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ካዩዋት ሦስት ዓመት አልፏቸዋል።

ሽጉጤ በሯ ላይ ጫማውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ተከትሎት የገባው ከሊል ግንባሩን ከጣራው ጋር አላተመው። ውስጡ ጨለማ ነበር። ሽጉጤ እጁን ወደ ጎን ሰደድ አድርጎ መብራቱን አበራ። ወለሉ ተጠርጓል፣ አልጋው ተነጥፏል። ከሊልን ንጽህናዋ ማረከው። የድሮ ሰው ዕቃ አያያዝ ያውቃል ሲል አሰበ።

«ይቺ አትሆንዎትም፣ ጋሼ» አለ ሽጉጤ። «ሲዘንብ በዚህኛው አልጋ ራስጌ በኩል ታንጠባጥባለች። ነፋስ ከተነሣ ገመዱ ምሰሶውን ሲያንኳኳ ያድራል። የምድጃው የግራ ዓይን አይሠራም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ዳክዬዎቹ ጣራዋ ላይ ይጨፍራሉ።»

ከሊል ቁም ሣጥኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ሽጉጤ ፈጠን ብሎ ፊቱ ቆመ።

«እሱ ዝጓል። አይከፈትም።»

ከሊል በልቡ ሳቀ። የትልቁ ጀልባ ባለቤት ለዚህ ሰው ዳጎስ ያለ ነገር ቃል እንደገባለት ግልጽ ነው። ዳክዬ ይጨፍራል ይበለው!

«ትልቁን ይውሰዱ» አለ ሽጉጤ። ድምፁ ልመና ነበረበት። «የኔን ኮሚሽን እተውልዎታለሁ።»

ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ከሊል በሃያ ዓመት የጆበርግ ኑሮው ኮሚሽን የሚተው ደላላ ገጥሞት አያውቅም። ከዚያኛው ወገን እጥፉን ቢቀበል ነው እንጂ!

ወጣና ራቅ ብሎ ደርባን ደወለ። ሽማግሌው ብዙም ሳይከራከሩ ተስማሙ። ገንዘቡን እዚያው ቆሞ በስልኩ ላከላቸው። ቀጥሎ ራዚያ ጋ ደወለ።

«ትንሿን ገዛሁ። ደላላው ትልቁን ሊያሸክመኝ ነበር፤ ነቃሁበት!»

«ትንሿን ምን አላት?»

«ታንጠባጥባለች አለ፣ ዳክዬ አለ፣ ያልፈጠረው ነገር የለም። ወላሂ አንዱንም አላመንኩት።»

«ጎበዝ!» አለች ራዚያ።

እንዲህ ብላው አታውቅም። ከሊልን በደስታ እንባ እንባ አለው። የገዛ ካልሲውን እየመረጠ ሊያረጅ ነው።

ወደ ሽጉጤ ተመለሰ። ሰውየውን ማዋረድ አልፈለገም፤ ትንሽ ቢያሳርረው ግን ደስ ይለዋል።

«ትንሿን ገዝቻታለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ናት። አይዞህ፣ ኮሚሽንህን እከፍልሃለሁ። የዚያኛው ግን ቀረብህ፣ ወንድሜ!»

ሽጉጤ አልተቆጣም፣ አልተከራከረምም። ዞር ብሎ ትንሿን ጀልባ አያት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ። «ታዲያ እኔ ዛሬ የት ልደር?»