ሮኬቱን ያቆመው ማን ነው?

"ተገለበጠ! አሁንም ተገለበጠ!"

ፋኑኤል ላፕቶፑን በቡጢ ሊመታው ምንም አልቀረው... የጓደኛው የማቲ መሆኑ ትዝ ሲለው እጁን ሰበሰበ።

አሥራ አንደኛ ሙከራው ነበር።

ጌሙ ሮኬት ገጣጥመህ የምታስወነጭፍበት ነው። ማስወንጨፉን ችሎበታል። እስከ ጨረቃ መሄዱንም ችሎበታል።

ያስቸገረው ማረፉ ነው።

ሮኬቱ ጨረቃን በእግሩ ይነካል... ትንሽ ይወዛወዛል... ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው በጎኑ ይጋደማል።

ውድድሩ ደግሞ ማክሰኞ ነው። ሶዶ ውስጥ በሚማርበት ኮሌጅ፣ ጨረቃ ላይ አሳርፎ የመለሰ ተማሪ ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ይላካል።

የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሑድ ከሰዓት ነበር። አባቱ ደገፉ ከቸርች መልስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያያል።

ደገፉ መናኸሪያ ውስጥ ጫኝ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጭን ኖሯል። ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ አያውቅም።

"ፋኑ፣ ይሄ እላይ የከመርከው ምንድነው?"

"ነዳጅ ነው አባዬ።"

"ለምን እንዲህ አስረዘምከው?"

"ብዙ ነዳጅ ስለሚፈልግ ነዋ!"

"ይወድቃል።"

"ሲወድቅ እያየህ ነው እኮ! ምን አዲስ ነገር ነገርከኝ?"

ደገፉ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

"ወደ ተበላ ከተማ በሚወርድ አውቶቡስ ላይ የበቆሎውን ጆንያ አንዱን ባንዱ ላይ ብከምረው፣ መታጠፊያው ላይ አውቶቡሱን ይዞት ይገለበጣል። ግራና ቀኝ እኩል አከፋፍልና ዝቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ነዳጁን ከላይ አውርደህ በጎንና በጎኑ እሰረው። እግሩንም አስፋው።"

"አባዬ! ይሄ ሮኬት ነው እሺ? የተበላ አውቶቡስ አይደለም!"

ደገፉ ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

ፋኑኤል በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ...

ከዚያ ነዳጁን አውርዶ ግራና ቀኝ አሰረው። እግሮቹን አሰፋቸው። አጭር፣ ሰፊ፣ ሲያዩት የሚያስቅ ሮኬት ወጣው።

ጨረቃ ላይ ወረደ። ተወዛወዘ...

ቆመ!

ተነሥቶም ተመለሰ።

ማክሰኞ አዳራሹ ሞላ። የሌሎቹ ተማሪዎች ሮኬቶች አንድ በአንድ ወደቁ። የፋኑኤል ብቻ ቆመ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

መምህርት ሊድያ ማይክ አቀበለችው።

"የሁሉም ረጅም ነበር፤ ሁሉም ወደቀ። ያንተ ብቻ ዝርግ ነው። ይሄን ማን አሳየህ?"

ፋኑኤል ቀና ሲል አባቱን በሩ ላይ አየው። በሥራ ልብሱ። ትከሻው ላይ የጆንያ አቧራ አለ።

ቀጥሎ ከፊት የተቀመጡትን ጓደኞቹን አየ።

"ማንም... ራሴ ነኝ ያሰብኩት።"

አዳራሹ አጨበጨበ። በሩ ላይ የቆመው ሰውም አጨበጨበ።

ፋኑኤል ዳግመኛ ሲያይ በሩ ላይ ማንም የለም።

"ከሩቅ ነው የቆመው፤ አልሰማኝም" ብሎ ራሱን አጽናና።

አዲስ አበባ ሄደ። ሠለጠነ። ዛሬ እዚያው ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል። ተማሪዎቹ ስለዚያ ሮኬት በጠየቁት ቁጥር መልሱ አልተለወጠም... "ራሴ ነኝ"።

እንዲህ ሰባት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ወር የደገፉ ወገብ "በቃኝ" አለ። የጫኞቹ ማኅበር ሽኝት አዘጋጀለት። ሥጋ በዳጣ ቀረበ፤ ለስላሳ ተከፈተ።

ፋኑኤል ብድግ አለ።

"ያ ሮኬት የኔ አይደለም። የአባዬ ነው። እንዴት እንደሚጫን ያሳየኝ እሱ ነው። እኔ ደብቄው ኖሬያለሁ።"

ሽማግሌው ጫኝ ቦሼ በሳቅ ፈነዳ።

"ተው እንጂ መምህር! ሽኝት ነው ብለህ ነው አይደል? ደገፉ እኮ ራሱ ነግሮናል!"

"ምን... ምን ብሎ?"

"'ልጄ ሲሠራ እኔ አጠገቡ እንቅልፌን ለጥጬ ነበር፤ ስነቃ ጨረቃ ላይ ደርሷል!' ብሎ ነዋ! በዚህ እንቅልፉ ስንት ዓመት ስቀንበታል!"

ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

"አባዬ... ንገራቸው እንጂ።"

ደገፉ ከሳህኑ ቀና አላለም።

"እኔ ስለ ጨረቃ ምን አውቃለሁ? ብሉ፣ ብሉ።"

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ፋኑኤል አላስቻለውም።

"ለምን ካድክ አባዬ?"

ደገፉ ወደ እሱ ዞረ።

"ያን ቀን በሩ ላይ አንድ ተማሪ 'አባቱ ነዎት? እርስዎ ነዎት ያሳዩት?' አለኝ። አንተ ደግሞ በማይክ 'ራሴ ነኝ' ብለሃል። ምን ልበለው? ውሸታም ላድርግህ?"

ሰምቶ ነበር...

"ተኝቼ ነበር አልኩት። መናኸሪያም እንደዚያው አልኩ። አሁን ብለውጠው ማን ያምነኛል?"

"ይቅርታ አባዬ... ይቅር በለኝ።"

"እሱንማ ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ፋኑ... ያን ቀን የጭነት ተራዬን ለቦሼ ለቅቄ ነው የመጣሁት። ስሜን ትጠራለህ ብዬ።"

ወዳጆቼ...

ፋኑኤል እውነቱን ተናግሯል። ግን ሰባት ዓመት ዘግይቶ ስለነበር የሚያምነው አጣ። የሐሳቡ ባለቤት አባቱ እንኳ ሊቀበለው አልቻለም።

ሰው ያደረገላችሁን ነገር በዕለቱ ተናገሩ። ሰው በተሰበሰበበት፣ እሱ ቆሞ እየሰማ ተናገሩ። በኋላ የምትሉት ለእናንተ ኅሊና እንጂ ለእሱ አይደርስለትም።

እናንተስ? "ራሴ ነኝ" ብላችሁ ያለፋችሁት፣ ግን የሌላ ሰው የነበረ ነገር አለ? የዚያን ሰው ስም ኮሜንት ላይ ትጽፉለታላችሁ... ወይስ አሁንም ዝም?